ማይክሮ አር ኤን ኤ፤ አዝርዕት ሐሩርንና ውርጭን የሚቋቋሙበት ምስጢር

ሰው ፀሐይ ሲበረታበት ወደ ጥላ ይሄዳል፤ ብርድ ሲጸናበትም ጋቢውን ይደርባል። ከብቱም ቢሆን ከዋርካው ሥር ይጠለላል። ስንዴ ግን ከበቀለበት ቦታ አንዲት ስንዝር እንኳ ፈቀቅ ሊል አይችልም። ቀን የመጣበትን ሐሩር ሌሊትም የወረደበትን ውርጭ ቆሞ ይቀበላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ተክል መከራውን ዝም ብሎ የሚችል ሥራ ፈት ፍጥረት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሙቀቱ በጨመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በተክሉ ሴሎች ውስጥ እጅግ ብዙ ሥራ ይጀመራል፤ አንዳንዱ ሥራ ይፋጠናል፥ አንዳንዱም እንዲቆም ይታዘዛል። በዚህ ጽሑፍ ለተማሪ ጓደኞቼ ላስረዳ የምሞክረው ስለዚህ የማቆሚያ ትእዛዝ ነው። ስሙ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላል።

አስቀድሞ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ጥቂት ልበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት የዓለም ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የበቆሎ ምርት በአማካይ 7.4 ከመቶ፥ የስንዴ 6 ከመቶ፥ የሩዝ 3.2 ከመቶ፥ የአኩሪ አተር ደግሞ 3.1 ከመቶ እንደሚቀንስ ገምቷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳቱ የሚብሰው በአበባ ጊዜ ነው። ሩዝ አበባው በሚከፈትበት ሰዓት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ካለፈ፥ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ እንኳ ቢቆይ፥ ሙቀት የማይችለው ዓይነት ብዙ አበባውን ሳያፈራ ይቀራል። ዛላው ከሩቅ ሲታይ ያማረ ነው፤ ሲጨብጡት ግን ገለባ ይሆናል። በእኛም አገር ደገኛው ገበሬ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል እንቅልፍ አይወስደውም፤ ገና እሸት የሆነ ገብስ አንድ ሌሊት በወረደ ውርጭ ሊጠፋ ይችላልና። በቆላው ደግሞ፥ ለምሳሌ በአዋሽ ሸለቆ በወረር አካባቢ፥ ስንዴ በመስኖ ሲዘራ ትልቁ ጭንቀት ሙቀቱ ነው። የሁለቱ ገበሬዎች ሥጋት ለየቅል ይመስላል እንጂ በተክሉ ውስጥ የሚደረገው ነገር በብዙ መንገድ ይገናኛል።

ስለ መዝገቡና ስለ ግልባጩ

ማይክሮ አር ኤን ኤ ምን እንደሆነ ለመረዳት በሳይንስ ክፍል የተማርነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል እጅግ ረጅም ክር አለ፤ ተክሉ ለኑሮው የሚያስፈልገው መመሪያ ሁሉ በዚህ ክር ላይ በአራት ዓይነት የኬሚካል ፊደሎች ተጽፏል። አንድ የመመሪያ ክፍል ጂን ይባላል። ጂኑ ሥራ ላይ የሚውለው በመጀመሪያ ወደ አር ኤን ኤ ተገልብጦ፥ ቀጥሎም በአር ኤን ኤው መሠረት ፕሮቲን ተሠርቶ ነው። ፕሮቲኖች የሴሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ምግብ ይሠራሉ፥ ግድግዳ ይገነባሉ፥ መርዝ ያጠፋሉ፥ ሌሎችንም ጂኖች ያዝዛሉ።

ይህን በመሥሪያ ቤት ልማድ ልመስለው። ዋናው መዝገብ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ሥራ ሲኖር ግን ከመዝገቡ ግልባጭ ይጻፍና ወደ ሥራ ቦታው ይላካል። ብዙ ግልባጭ ከወጣ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ጥቂት ከወጣም ጥቂት። አለቃው ሥራውን ለማስቆም ቢፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መዝገብ ቤቱን ከእንግዲህ ግልባጭ እንዳታወጣ ብሎ መከልከል ነው። ነገር ግን ቀደም ብሎ የወጣው ግልባጭ በየሠራተኛው እጅ ስለሚገኝ ሥራው ወዲያው አይቆምም። ሁለተኛው መንገድ የወጣውን ግልባጭ እየለዩ መቅደድ ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ራሱም አር ኤን ኤ ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲን አይሠራበትም። ርዝመቱም በተክል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 21 ፊደል ብቻ ነው፤ የአንድ ተራ ግልባጭ ርዝመት ግን ከሺህ ፊደል በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያህል ትንሽ ነገር ያን የሚያህለውን ማስቆሙ የሚያስገርም ነው።

ይህ ምስጢር በመጀመሪያ የተገለጠው በእህል ላይ ሳይሆን በትል ላይ ነው። ትሉ አንድ ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ሲሆን ስሙ ሲ ኤለጋንስ ይባላል። በአሜሪካ አገር ቪክተር አምብሮስ ከሮዛሊንድ ሊና ከሮንዳ ፋይንባም ጋር፥ እንዲሁም ጋሪ ራቭከን ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ በ1993 ዓ.ም. 22 ፊደል ብቻ ያለው አር ኤን ኤ የሌላን ጂን ሥራ እንደሚገታ አስታወቁ። ለጊዜው ብዙ ሊቃውንት ነገሩን የዚያ ትል ብቻ ጠባይ ነው ብለው አለፉት። ከሰባት ዓመት በኋላ በ2000 ዓ.ም. ሁለተኛው ተገኘ፤ ይኸኛው በሰውም አካል ውስጥ ያለ መሆኑ ሲታወቅ ግን ችላ ማለት አልተቻለም። በ2002 ዓ.ም. በተክልም ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። አምብሮስና ራቭከን በ2024 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ ግኝታቸው ከታተመ 31 ዓመት መሆኑ ነው።

የተክል ሊቃውንት ግን ከዚያ አስቀድመው አንድ እንቆቅልሽ ይዘው ነበር። በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ወይን ጠጅ መልክ ያላት ፔቱንያ የተባለች አበባ ይበልጥ እንድትደምቅ ተብሎ ቀለም የሚሠራው ጂን ተጨመረላት። አበባዋ በመድመቅ ፈንታ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ዝንጉርጉር ሆነች። የተጨመረውም የነበረውም ጂን ሁለቱም ዝም አሉ። በ1999 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሃሚልተንና ባውልኮም እንዲህ ጂን ዝም በሚልባቸው ተክሎች ውስጥ 25 ፊደል ገደማ ያላቸው ጥቃቅን አር ኤን ኤዎች እንዳሉ አሳዩ። ይህ ከማይክሮ አር ኤን ኤ ጋር ዘመድ እንጂ አንድ አይደለም፤ ሆኖም መንገዱን የጠረገው እሱ ነው።

እንዴት ይሠራል?

ማይክሮ አር ኤን ኤ የራሱ ጂን አለው። ጂኑ ሲገለበጥ በመጀመሪያ የሚወጣው ረዘም ያለ አር ኤን ኤ ነው። ይህ ረጅም ክር ከመሐሉ ታጥፎ ሁለቱ ጎኖቹ ፊደል ለፊደል ይጋጠማሉ፤ መልኩ እሾህ የምናወጣበትን ወረንጦ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ዳይሰር መሰል አንድ የሚባል ኢንዛይም ይመጣና ልክ እየለካ ይቆርጠዋል፤ ስሙም በእንግሊዝኛ ሽንኩርት እንደሚከትፍ ሰው ያለ ከታፊ ማለት ነው። የሚቀረው 21 ፊደል ያህል ያለው አጭር ቁራጭ ነው። ሄን አንድ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ በጫፉ ላይ ትንሽ የኬሚካል ምልክት ያደርግበታል፤ ይህ ማኅተም ከሌለው ቁራጩ ቶሎ ይበላሻል።

ማኅተም የተደረገበት ቁራጭ አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ቃል ልጨምር። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የተበላሸበት ተክል በ1998 ዓ.ም. ሲገለጥ ቅጠሎቹ እንደ ቱቦ ተጠቅልለው አርጎኖት የሚባለውን ትንሽ ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳ ስለ መሰሉ ያገኙት ሰዎች በዚያው ጠሩት። ዛሬ በሰውም በእንስሳም ውስጥ ያለው የዚህ ዘር ፕሮቲን የሚጠራው ከአንድ የአረም ቅጠል በተገኘው ስም ነው።

አርጎኖት ቢላዋ ነው፤ ማይክሮ አር ኤን ኤው ደግሞ የት መቁረጥ እንዳለበት የሚመራው። አመራሩም በፊደል መጋጠም ነው። በአር ኤን ኤ ውስጥ ያሉት ፊደሎች አዴኒን፥ ዩራሲል፥ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ናቸው፤ በየመጀመሪያ ፊደላቸው አ፥ ዩ፥ ጉ፥ ሳ ብለን እንጻፋቸው። ደንቡም አ ከዩ ጋር፥ ጉ ከሳ ጋር ይጋጠማል የሚል ነው። አሁን ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 የሚባለውን ከላይ፥ የሚቆርጠውን ግልባጭ (ኤስ ፒ ኤል 9 ከሚባል ጂን የወጣውን) ከታች እንጻፍ። የታችኛው ለመጋጠም እንዲመች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተጽፏል።

ዩ ጉ አ ሳ አ ጉ አ አ ጉ አ ጉ አ ጉ ዩ ጉ አ ጉ ሳ አ ሳ
አ ሳ ዩ ጉ ዩ ሳ ዩ ዩ ሳ ዩ ሳ ዩ ሳ ዩ ሳ ዩ ሳ ጉ ዩ ጉ

አንባቢ እርሳስ ይዞ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ቢያመሳክር ሃያ ፊደል ያገኛል (ይህኛው በአንድ ፊደል ያነሰ ነው)፤ ከሃያውም አሥራ ዘጠኙ በደንቡ መሠረት ተጋጥመዋል። በአሥራ አራተኛው ቦታ ላይ ብቻ ዩ ከዩ ጋር ተፋጧል፤ እነዚህ ሁለቱ አይጋጠሙም። ይህች አንዲት ጉድለት ሥራውን አታግደውም። ቢላዋው የሚያርፈው በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ፊደል መካከል ነው፤ ግልባጩም እዚያ ላይ ለሁለት ይቆረጥና ይጠፋል። አርጎኖትና ማይክሮ አር ኤን ኤው ግን አይጠፉም፤ ሌላ ግልባጭ ፍለጋ ይሄዳሉ። በእንስሳት ዘንድ መጋጠሙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ፊደሎች ብቻ ነው፤ በተክል ግን እንዲህ ከሞላ ጎደል ሙሉ ስለሆነ የትኛው ማይክሮ አር ኤን ኤ የትኛውን ጂን እንደሚገታ ለማወቅ ይቀላል። ለዚህም ነው ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራ የሚችለው።

ሐሩር ሲመጣ

በ1962 ዓ.ም. ሪቶሳ የተባሉ ኢጣሊያዊ ሊቅ የፍሬ ዝንቦች ከልክ በላይ ሲሞቁ በክሮሞዞማቸው ላይ አዲስ እብጠት እንደሚወጣ አዩ። እብጠቱ በሙቀት ጊዜ የሚነሡ ጂኖች ሥራ የጀመሩበት ቦታ ነበር። እነዚህ ጂኖች በተክልም አሉ። የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ሌሎቹ ፕሮቲኖች በሙቀት ተጨማደው እንዳይረጉ ይጠብቃሉ፤ እንቁላል ሲቀቀል የሚረጋው ለምን እንደሆነ የተማረ ሰው አደጋው ይገባዋል። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚገባው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

የምርምሩ ብዛት የተደረገው አራቢዶፕሲስ በሚባል ከጎመን ዘር በሆነ ትንሽ አረም ላይ ነው። የሚበላ አይደለም፤ ነገር ግን ቶሎ ያድጋል፥ ቦታም አያጣብብም፥ ዲ ኤን ኤውም አጭር ነው። (ይህ አረም በእኛ በሰሜን ተራሮች ላይም ሳይዘራ በራሱ ይበቅላል።) የአራቢዶፕሲስ ቡቃያ በቀጥታ ለ44 ዲግሪ ሙቀት ቢጋለጥ ይሞታል። አስቀድሞ ግን ለአንድ ሰዓት 37 ዲግሪ አይቶ፥ ጥቂት ዐርፎ እንደገና ቢፈተን ይቋቋማል። ይህን የቻለው ልምድ ስላገኘ ነው። የሚገርመው ልምዱ ለቀናት አብሮት መቆየቱ ነው። አእምሮ የሌለው ተክል ያለፈውን ሙቀት ያስታውሳል ማለት ነው።

በጀርመን አገር በፖትስዳም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ለዚህ ማስታወስ ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 እንደሚያስፈልግ አሳዩ። ከሙቀቱ በኋላ የዚህ መጠን በብዙ ይጨምራል፤ ኤስ ፒ ኤል የሚባሉትን ጂኖች ግልባጭ ይቆርጣል፤ በዚህም ምክንያት የመከላከያዎቹ ጂኖች ሙቀቱ ካለፈም በኋላ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያረጋገጡት በሁለት ወገን ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 በብዛት የሚሠራ ተክል ባበጁ ጊዜ ማስታወሱ ረዘመ። ማታለያ ግልባጭ፥ ማለት የሚጋጠም ግን የማይቆረጥ አር ኤን ኤ፥ ጨምረው ማይክሮ አር ኤን ኤውን ባሰሩት ጊዜ ደግሞ ማስታወሱ አጠረ። እንዲህ ከሁለት አቅጣጫ ሲፈተን ነው ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መናገር የሚቻለው፤ በሙቀት ጊዜ አንድ ነገር ስለ ጨመረ ብቻ መከላከያው እሱ ነው ማለት አይቻልም።

ታዲያ ይህን አውቆ ማይክሮ አር ኤን ኤ 156ን በስንዴ ማብዛት አይሻልምን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ይህ ማይክሮ አር ኤን ኤ ለወትሮው የተሰጠው ሥራ ሌላ ነው፤ ተክሉን በልጅነት ማቆየት። በቡቃያው ውስጥ ብዙ ነው፤ ተክሉ ሲጎለምስ እያነሰ ይሄዳል፤ ሲያንስም ኤስ ፒ ኤሎች ይነሡና አበባ ይመጣል። እሱን ማብዛት አበባን ማዘግየት ነው። የደጋ ገብስ አበባው ከዘገየ ፍሬው ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበታል። በቆላ በበጋ መስኖ የተዘራ ስንዴም ከዘገየ ቀዝቃዛው ወራት አልፎ የባሰ ሐሩር ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ሙቀትን ይችል ዘንድ የተሰጠው መድኃኒት ራሱ ወደ ሙቀቱ ይወስደዋል ማለት ነው። ይህን ሳያነሡ ማይክሮ አር ኤን ኤ የረኀብ መፍትሔ ተገኘ ብለው የሚጽፉ ሰዎች ገበሬን ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 ነው፤ ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። በሙቀት የተጨነቀ ሴል ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይበዛሉ። እነዚህን የሚያጠፉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ መዳብና ዚንክ የያዙት ሲ ኤስ ዲ አንድና ሲ ኤስ ዲ ሁለት ይገኙባቸዋል። ሰው በአእምሮው ቢያስበው ሐሩር ሲመጣ እነዚህ አጥፊዎች መብዛት ያለባቸው ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ግን በአራቢዶፕሲስ የሚሆነው ተቃራኒው መሆኑን አሳየ። ሙቀቱ በመጣ በጥቂት ጊዜ ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 ይበዛል፤ የእነዚህን የሁለቱን ኢንዛይሞች ግልባጭ ይቆርጣል፤ ጎጂው ኦክስጅንም ይጨምራል። ከነጭራሹ ሲ ኤስ ዲ አንድ ወይም ሲ ኤስ ዲ ሁለት የሌላቸው ተክሎች ከጤነኞቹ ይልቅ ሙቀትን ቻሉ!

ምክንያቱ ይህ ነው። ጎጂው ኦክስጅን በልክ ሲሆን የአደጋ ደወል ነው። ደወሉ ሲሰማ የሙቀት መከላከያ ጂኖችን የሚያስነሡት ፕሮቲኖች ይበረታሉ፤ ከእነዚሁ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ተመልሰው የማይክሮ አር ኤን ኤ 398ን ጂን ያስነሣሉ፤ እሱም ደወሉ እንዳይጠፋ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ዙሪያውን ይዞራል። ቤት ሲቃጠል ጩኸት የሚያሰማውን ሰው ዝም በል ማለት እንደማይገባ ሁሉ፥ ተክሉም ደወሉን ቶሎ አያጠፋም።

ነገር ግን ይህ ሕግ ለሁሉ ተክል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በቻይና ጎመን ላይ በተደረገ ጥናት ሙቀት ሲመጣ ማይክሮ አር ኤን ኤ 398 ቀነሰ እንጂ አልጨመረም፤ የሚገታው ኢንዛይም ግልባጭም በዛ። አራቢዶፕሲስና የቻይና ጎመን የአንድ ቤተ ዘመድ ልጆች ናቸው። በሁለት ዘመዳሞች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ፥ ከአረም የተማርነውን ሳንፈትን ወደ ጤፍ ወይም ወደ ማሽላ ማዛወር አይገባም።

ስንዴን በተመለከተ በ2012 ዓ.ም. የታተመ አንድ ሥራ አለ። ማይክሮ አር ኤን ኤ 159 የሚባለው በስንዴ ውስጥ ለወንዴው የአበባ ክፍል፥ ማለት የአበባ ዱቄት ለሚይዘው ከረጢት፥ ዕድገት የሚያስፈልጉ ጂኖችን ይገታል። ስንዴው ለሁለት ሰዓት ሙቀት ባገኘው ጊዜ የዚህ ማይክሮ አር ኤን ኤ መጠን ቀነሰ፤ የተገቱትም ጂኖች ተፈቱ። ተመራማሪዎቹ የስንዴውን ማይክሮ አር ኤን ኤ ወስደው በሩዝ ውስጥ ባበዙት ጊዜ ሩዙ ዛላ ለማውጣት ዘገየ፥ የወንዴ አበባው መካን ሆነ፥ ሙቀትንም ከቀድሞው ይልቅ ፈራ። ከላይ በአበባ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ለምን እንዳነሣሁ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ሐሩር ከሁሉ አስቀድሞ የሚመታው የአበባውን ዱቄት ነው፤ ማይክሮ አር ኤን ኤ 159ም የሚያዝዘው በዚያው ስፍራ ነው።

ብርድ ሲመጣ

ስለ ብርድ የማውቀው ከሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ አሳጥራለሁ። በ2004 ዓ.ም. ሱንካርና ዡ የተባሉ ሊቃውንት በአራቢዶፕሲስ ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ 393 በብርድ፥ በድርቅና በጨው ጊዜ እንደሚበዛ አስታወቁ። የሚገታው ኦክሲን የተባለውን የዕድገት ሆርሞን የሚቀበለውን ፕሮቲን ነው። ሆርሞኑ ቢኖርም ተቀባይ ካነሰ ዕድገቱ ይቀዘቅዛል። በብርድ ጊዜ ማደግ ሀብትን ማባከን ነውና ተክሉ ጊዜው እስኪያልፍ እጁን ይሰበስባል።

ሩዝ የሙቅ አገር ተክል ስለሆነ ብርድን አጥብቆ ይፈራል። ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከጣና ሐይቅ አጠገብ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይዘራልና። በ2013 ዓ.ም. በቻይና ማይክሮ አር ኤን ኤ 319 በብዛት የሚሠራ ሩዝ ተበጀ። ቡቃያው በመጀመሪያ በ12 ዲግሪ ተለማምዶ ቀጥሎ ወደ 4 ዲግሪ ሲገባ ካልተነካው ሩዝ የተሻለ ቻለ። ቅጠሉም ሰፋ፤ ይህ ማይክሮ አር ኤን ኤ የቅጠልን ቅርጽ የሚወስኑ ጂኖችን ስለሚገታ ነው። እዚህም አንዱን ፈልገው ሁለት ነገር አገኙ፤ ሆኖም የቅጠል መስፋት ከአበባ መዘግየት ወይም ከመካንነት ይሻላል። ከላይ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ለእርሻ የሚቀርበው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ከማብዛት ይልቅ ሌላም መንገድ አለ። ማይክሮ አር ኤን ኤውን ሳይነኩ፥ በሚቆረጠው ግልባጭ ላይ ፊደሎችን ለውጦ እንዳይጋጠም ማድረግ ይቻላል። ከላይ የጻፍነውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ፤ በመካከል፥ ማለት ቢላዋው በሚያርፍበት በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው አካባቢ፥ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ቢለወጥ መቁረጡ ይቆማል። በዚህ መንገድ አሥሩን ጂን በሙሉ ሳይሆን አንዱን ብቻ መርጦ ነጻ ማውጣት ይቻላል። ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 በአራቢዶፕሲስ ከ16ቱ ኤስ ፒ ኤሎች 10ሩን የሚገታ ስለሆነ እንዲህ ያለ ምርጫ ትልቅ ጥቅም አለው።

ጤፍን በተመለከተ፥ ጸደይ ከሚባለው ዘር የተነበበው የጤፍ ዲ ኤን ኤ ፊደል በ2014 ዓ.ም. ታትሟል። ስለዚህ መዝገቡ ተከፍቷል። የሚቀረው ሥራ በአሳብ ቀላል ነው። ከአንድ ዘር የበቀለ ቡቃያ በሁለት ሣጥን ይከፈላል፤ አንደኛው በለመደው ሙቀት ይቆያል፥ ሁለተኛው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሐሩር ወይም ብርድ ያያል። ቅጠሉና አበባው ለየብቻ ይቀጠፍና ወዲያው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል፤ ይህ ካልተደረገ አር ኤን ኤው በእጃችን ላይ እያለ ይበላሻል። ከዚያ ጥቃቅኑ አር ኤን ኤ ተለይቶ ይነበባል፤ የትኛው በዛ፥ የትኛው አነሰ ተብሎ ይቆጠራል። ሥራው ግን በሣጥን ውስጥ ሊያልቅ አይችልም። በማሳ ላይ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ብቻ መጥቶ አይሄድም፤ ከደረቅ ነፋስና ከውኃ ማነስ ጋር ተባብሮ ለሳምንታት ይቆያል። ውርጭም የሚወርደው ሌሊት ነው፤ በማግሥቱ ፀሐይ ይወጣል። ስለዚህ የተመረጠው ዘር በአንድ ዓመት በደብረ ብርሃን ብርድ፥ በሌላ ዓመት በወረር ሐሩር ተዘርቶ፥ ዛላው እየተወቃ ፍሬው መመዘን አለበት።